የመውጫ በር ያለው ሰው አስተያየት

ሰሞኑን በሳሎኔ ወለል ላይ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ተከፍተው ተቀምጠዋል። የያዝሁት ትኬት የሚፈቅድልኝ ለእያንዳንዳቸው 23 ኪሎ፣ በድምሩ 46 ኪሎ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን አውጥቼ ከአጠገባቸው አኑሬዋለሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ነገር እጨምራለሁ፤ እመዝናለሁ፤ ሌላ ነገር አወጣለሁ። እነሆ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። እስካሁን ቦታው የማያከራክረኝ ለአባቴ የገዛሁት የደም ግፊት መለኪያና አንድ ወፍራም ካፖርት ብቻ ነው። (ካፖርት ለአዲስ አበባ ምን ያደርጋል የምትሉ፣ የሐምሌን ብርድ ረስታችኋል።) የቀረው ሁሉ በየማታው ይገባል፤ በየማታው ይወጣል። መጻሕፍት፣ የልጄ የሕፃንነት ፎቶግራፎች፣ ዘመድ አዝማድ "ስትመጣ" እያለ ያዘዘው ስልክና ጫማ፣ እንዲሁም ባለፉት ሃያ ዓመታት ስለ አገራችን ፖለቲካ የጻፍኋቸው ጽሑፎች ታትመው የተጠረዙበት አንድ ወፍራም ማኅደር። ማኅደሩ ብቻውን ሦስት ኪሎ ተኩል ይመዝናል።

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከ22 ዓመት በኋላ ወደ አገሬ ልመለስ ነው። ለጉብኝት፣ ለሠርግ ወይም ለለቅሶ አይደለም፤ ልኖር ነው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሲልቨር ስፕሪንግ በምንሰበሰብበት ቡና ቤት ይህን ወሬ ባሰማሁ ጊዜ ሦስት ዓይነት መልስ አገኘሁ። የመጀመሪያው "አብደሃል እንዴ? በዚህ ጊዜ?" የሚል ነው። ሁለተኛው "ታድለህ! እኔም ልጆቹ ኮሌጅ ሲገቡ እከተልሃለሁ" ይላል። (ይህን ያለኝ ወዳጄ ልጆቹ ኮሌጅ ከጨረሱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል።) ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ከማን ጋር ተስማምተህ ነው?" ሲል ይጠይቃል። በእኛ ዘንድ ሰው ዝም ብሎ አገሩ አይገባም። ወይ መሬት ተሰጥቶታል፣ ወይ ሹመት ተጠቁሞለታል፣ ወይም ከአንዱ ወገን ተጣልቶ ከሌላው ታርቋል።

የእኔ ምክንያት ግን አጭር ነው። አባቴ 84 ዓመታቸው ነው፤ ብቻቸውን ናቸው፤ በስልክ ሳናግራቸው አንዱን ጥያቄ ሁለት ጊዜ ይጠይቁኝ ጀምረዋል። ስለዚህ መመለሴ የፖለቲካ መግለጫ አይደለም። ይሁን እንጂ ስለዚያች አገር በ22 ዓመት ውስጥ አስተያየት ያልሰጠሁበት ጉዳይ የለምና፣ ሻንጣውን ስከፍት በሚዛን የማይለካ ሌላ ሒሳብም አብሮ ተከፈተ። ዛሬ ለአንባቢዎቼ ላካፍል የወደድሁት ያን ሒሳብ ነው።

ሁለት ቅጾች በአንድ ጠረጴዛ ላይ

በመጀመሪያ ስለ ወረቀቱ። በ1996 ዓ.ም. ዲቪ ደርሶኝ ወጣሁ፤ በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ዜጋ ሆንሁ። ቀኝ እጄን አንሥቼ ከዚህ ቀደም ለነበርሁበት መንግሥት ያለኝን ታማኝነት ሁሉ ትቻለሁ ብዬ ስምል፣ ከጎኔ የቆመው የኤል ሳልቫዶር ተወላጅ እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። እኔ ግን የመኪና ማቆሚያው ሰዓት አልፎ እንዳልቀጣ እጨነቅ ነበር። በዚያች ቀን አንድ ነገር እንዳጣሁ በአእምሮዬ አውቃለሁ፤ ልቤ የተረዳው ግን ገና ዘንድሮ፣ የመመለሻ ወረቀቶችን ሳዘጋጅ ነው።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ሰው ኢትዮጵያዊነቱን በገዛ ፈቃዱ እንደተወ ይቆጥረዋል። ጥምር ዜግነት አይታወቅም። ለእንደ እኔ ያለው ሰው የተከፈተለት በር ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ነው፤ በተለምዶ ቢጫ ካርድ የምንለው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ የመጣው ከእርሱ ነው። ካርዱን የያዘ ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፤ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፤ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ ቤት ይገዛል፤ ገንዘቡን እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት ያፈስሳል። የሚከለከለው ጥቂት ነው። አይመርጥም፤ አይመረጥም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሰል የፖለቲካ መሥሪያ ቤቶች በቋሚነት አይቀጠርም።

ሌላም መንገድ አለ። ያው የዜግነት አዋጅ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ዜግነቱን መልሶ እንዲያገኝ ይፈቅዳል። ይህ የሚሆነው ግን ተመልሶ መኖሪያውን በኢትዮጵያ ሲያደርግ፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት ሲተውና ሲያመለክት ነው።

ስለዚህ ሁለት ምርጫ ከፊቴ ቀረበ። ሒሳቤን ሠራሁ። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለውን የአሜሪካ ጡረታ ለማግኘት የሚያስፈልገውን 40 ክሬዲት፣ ይኸውም በግምት የአሥር ዓመት ሥራ፣ ከሞላሁ ቆይቻለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ አዲስ አበባ ሆኜም ይከፈለኛል። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ግን በጥቅሉ ባሕር አይሻገርም፤ ብታመም ልታከምበት የምችለው ወደዚህ ተመልሼ ነው። ግብሩም ቢሆን አሜሪካ ዜጋዋን በየትም ይኑር በየት ሪፖርት አድርግ ትላለች። ከሁሉም በላይ ሴት ልጄ እዚህ ትቀራለች። ዜግነቴን ብተው የገዛ ልጄን ለማየት ቪዛ ለመጠየቅ እሰለፋለሁ፤ ሊከለክሉኝም ይችላሉ።

አንባቢ ሆይ፣ አልዋሽህም። የሞላሁት የቢጫ ካርዱን ቅጽ ነው። ሁለተኛውን ማመልከቻ አልጀመርሁትም። ሰማያዊው ፓስፖርት ከአባቴ የደም ግፊት መለኪያ አጠገብ በእጅ ቦርሳዬ ተቀምጧል።

ዶላሩ ሳይሆን በሩ

ቅጹን ስፈርም አንድ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። በእኔና በአባቴ ጎረቤት መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ገንዘብ ነው ስል ኖሬያለሁ፤ ሁላችንም እንዲህ እንላለን። እውነት ነው፣ ገንዘቡ ትንሽ ልዩነት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ጊዜ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በወር ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ለአባቴ በባንክ የምልከው ገንዘብ እኔ አንዲት ሳንቲም ሳልጨምርበት በብር ሲቆጠር እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ጎረቤታቸው የሆኑት ጡረታ የወጡ መምህርት ግን በነሐሴ የተቀበሉት የሰኔውን ብር ነው። ያው አንድ ውሳኔ በአንድ ግቢ አጥር ወዲህና ወዲያ እንዲህ ተለያየ።

ገንዘብ ግን ያልቃል። አዲስ አበባ ገብቼ ሁለት ሦስት ዓመት ብቆይ እኔም ዘይትና በርበሬ ሲወደድ የምማረር ሰው መሆኔ አይቀርም። የማያልቀው ልዩነት ሌላ ነው። ነገር የከፋ ዕለት፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ጥይት ሲጮህ፣ ስልክ ሲቋረጥ፣ እኔ ወደ ቦሌ የምሄድበት ወረቀት በኪሴ አለ፤ መምህርቷ የላቸውም። እኔ የመውጫ በር አለኝ። ከ22 ዓመት ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ የተናገርሁትን፣ የጻፍሁትን፣ የጮህሁትን ሁሉ የተናገርሁት በዚህ በር ላይ ቆሜ ነው። በሩን ግን አንድ ቀን እንኳ በሒሳቡ ውስጥ አስገብቼው አላውቅም።

"ወደ ኋላ የለም"

በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ከምርጫው በኋላ በተነሣው ተቃውሞ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ላይ ጥይት በተተኮሰ ጊዜ፣ እኛ ዋሽንግተን ላይ ሰልፍ ወጥተን ነበር። አጣሪ ኮሚሽኑ በኋላ እንደደረሰበት 193 ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል። ሰልፉ ተገቢ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን እወጣለሁ። ነገር ግን ባንዲራ ለብሰን ከጮህነው ሁሉ ዛሬ በጆሮዬ የሚያቃጭለው "ወደ ኋላ የለም!" የሚለው ነው። ሰልፉ ሲያበቃ ባንዲራዬን አጥፌ በሜትሮ ባቡር ወደ ቤቴ ተመለስሁ፤ በማግሥቱ ሥራ ገባሁ። ለእኔ ወደ ኋላ ነበር ማለት ነው። ወደ ኋላ ያልነበራቸው መርካቶ ላይ ከጥይት የሚሮጡት ልጆች ነበሩ። መፈክሩን ያወጣነው እኛ፣ የኖሩት እነርሱ።

ይህን እንደ ጥቅል ትዝብት ብጽፈው ቀላል በሆነልኝ። የእኔ ግን ስምና ፊት አለው፤ ስሙን ባልጠቅስም።

በ1996 ዓ.ም. ስመጣ የመጀመሪያ ሥራዬን፣ የመኪና ማቆሚያ ተቆጣጣሪነትን፣ ያስገኘልኝ አንድ የትግራይ ተወላጅ ወዳጄ ነበር። በዚያው ቡና ቤት ለ17 ዓመት አንድ ጠረጴዛ ተጋርተናል። ልጄ ስትወለድ ገንፎ ይዛ የመጣችው የእርሱ ባለቤት ናት። እናቱ ከዓድዋ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ይኖሩ ነበር።

ጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክ ተቋረጠ። እኔ በኅዳር አንድ ጽሑፍ ጻፍሁ። ጦርነቱ የማይቀር እንደነበር፣ አጭር እንደሚሆን፣ የሚደርሰውም ጉዳት አገርን ለማዳን የሚከፈል ዋጋ እንደሆነ አስረዳሁ። "ሕግ ማስከበር" የሚለውን የጊዜውን ቃል እኔም ተጠቅሜበታለሁ። ጽሑፉ ከጻፍኋቸው ሁሉ በብዛት የተነበበልኝ ነው፤ ከማላውቃቸው ሰዎች ምስጋና ጎረፈልኝ። በሦስተኛው ቀን ወዳጄ ደወለ። ድምፁ አልተቆጣም። "ጽሑፍህን አነበብሁት። አጭር ይሆናል ብለሃል። እናቴን ካጣኋት አሥራ ስምንት ቀን ሆነኝ፤ አንተ የምታውቀው ነገር ካለ ብዬ ነው" አለኝና ዘጋው። የምመልሰው አልነበረኝም። ስለዚያ ጦርነት ሁሉን እንደማውቅ አድርጌ የጻፍሁ ሰው፣ አንዲት ሴት በሕይወት መኖራቸውን እንኳ ማወቅ አልቻልሁም።

እናቱ በዚያው ዓመት በጥር አርፈው ኖሯል። እርሱ የሰማው በሰኔ ነው። መርዶው ሲነገር እኛ ሠፈር ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እኔ ግን ለቅሶ አልደረስሁም። አፍሬ ነው ልል እችላለሁ። እውነቱ ግን ከዚህ ያነሰ ነው፤ የእኛ ወገን የሚባሉት ምን ይሉኛል ብዬ ነው። ለ17 ዓመት አብሮኝ ቡና የጠጣ ሰው እናቱ ሞታ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ማለት የፖለቲካ አቋም መስሎ የታየኝ ጊዜ ነበር።

በእርሱ ወገን የሚቆጠሩትም በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወልድያ፣ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ደሴ ሲያዙ፣ የወሎ ሰው ከቤቱ ሲሰደድ፣ እዚሁ የደስታ መልእክት ሲለዋወጡ አይቻለሁ። ይህን የማነሣው ሚዛን ለማስተካከል አይደለም። የእነርሱ ስሕተት የእኔን አይቀንሰውም። የማነሣው በሽታው የአንድ ወገን አለመሆኑን ለማሳየት ነው። በፕሪቶሪያ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ስምምነቱ ሲፈረም የተዋጉት እጅ ለእጅ ተጨባበጡ። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ግን ያልተዋጋነው ጠረጴዛችንን እንደለያየን ቀረን። ያም ሳያንስ በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ሌላ ጦርነት ተነሣ፤ ከወዲህ ማዶም ያው "ግፋ!" የሚል ድምፅ፣ አንዳንዴም በያው ሰው አፍ፣ ተከተለ።

ምስክርና አዛዥ

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ፤ ራሴም ለብዙ ዓመት ተከራክሬበታለሁ። "ታዲያ በሩ ያለው ሰው ዝም ይበል ነው የምትለው? አገር ቤት ያለው አፉ ሲታፈን ማን ይናገርለት?" ይላል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። በ2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ከወጣ በኋላ ብዕር የያዘ ሰው ሁሉ በፍርሃት የሚኖርበት ዘመን መጣ። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ዞን 9 በሚል ስም ይጽፉ የነበሩት ወጣቶች ሲታሰሩ፣ ስማቸውን ሳይፈሩ ይጠራ የነበረው በአብዛኛው ውጭ ያለው ሰው ነበር። ያ ድምፅ ባይኖር ብዙ ግፍ በጨለማ በቀረ ነበር። በሩ ያለው ሰው በሩን ሌላው ሊለው የማይችለውን ለማለት ሲጠቀምበት፣ ያ ትልቅ አገልግሎት ነው።

ነገር ግን ምስክርነትና ትእዛዝ ይለያያሉ። "እነዚህ ሰዎች ታስረዋል፤ ይህ ግፍ ነው" የሚል ሰው ምስክር ነው። "ተነሡ፣ ግፉ፣ አትመለሱ፣ አትደራደሩ" የሚል ሰው ግን አዛዥ ነው፤ አዛዥ ደግሞ በባህላችን ከጦሩ ፊት ይሄዳል እንጂ ከባሕር ማዶ አይቀመጥም። ለምስክርነት ርቀት አያስነውርም፤ እንዲያውም አንዳንዴ ይረዳል። ለትእዛዝ ግን ያስነውራል። እኔ በኅዳር 2013 የጻፍሁት ምስክርነት አልነበረም። የእኔ ልጅ ሜሪላንድ ኮሌጅ ስትማር፣ የሌላ ሰው ልጅ ሊከፍል የሚገባውን ዋጋ ቆርጬ የሰጠሁበት ጽሑፍ ነው።

እንግዳ ሆኖ መጠየቅ

የመንግሥትም ድርሻ አለበት፤ እርሱንም ሳልናገር አላልፍም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በቀን አንድ ዶላር አዋጡ ተባልን፤ ለ2014 ዓ.ም. ገና ደግሞ አንድ ሚሊዮን ሆናችሁ ኑ ተብለን ተጠራን። በጥሪው ብዙዎቻችን ተደስተናል፤ እኔም አዋጥቻለሁ። ይሁን እንጂ በእነዚያ ጥሪዎች ውስጥ እያደር የሚቆረቁር ነገር ነበር። እኛ በሕግ የውጭ ዜጎች ሳለን "ምን ቢሟላላችሁ ትወዳላችሁ?" ተብለን በአዳራሽ እንጠየቃለን። ለኢንቨስትመንት፣ ለባንክ ሒሳብ፣ ለቀረጥ አስተያየታችን ይመዘገባል። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ፒያሳና ሌሎች ነባር ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲፈርሱ ግን ከተወለደችበት ሰፈር የተነሣችው የአክስቴ ልጅ ሐሳቧን የጠየቃት ሰው አልነበረም። መንገዱ አምሯል፤ ፎቶግራፉን አይቼ እኔም አድንቄያለሁ። ነገር ግን የማይኖርበት ሰው አድናቂ፣ የኖረበት ሰው ተነሺ የሆነበት አሠራር ሥርዓቱ የተገለበጠ ነው።

ስለዚህ ድምፅ መከልከሌን በተመለከተ ብዙ ወዳጆቼን የማያስደስት አቋም ይዣለሁ። ክልከላው ትክክል ነው። ይህን ስል አይከነክነኝም ማለት አይደለም። እዚህ ዋሽንግተን በ1996 ዓ.ም. በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት የከተማው ቢሮዎች ዋና ዋና ቅጾቻቸውን ከሚተረጉሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ሰው በማይናገረው አገር በአማርኛ ቅጽ እየሞላሁ፣ ሁሉም በሚናገርበት ከተማ ግን ከምርጫ ጣቢያው ውጭ ልቆም ነው። ቢሆንም ድምፅ መስጠት ማለት ከውጤቱ ጋር ለመኖር መፈረም ነው። ውጤቱ ሲበላሽ የሚሄድበት ያለው ሰው፣ የሚሄድበት ከሌለው ሰው እኩል ካርድ ይጣል ቢባል ለመምህርቷ ፍትሕ አይደለም። ሕጉ በሩን ዝጋና ግባ ይለኛል። እኔ ነኝ በሩን መዝጋት ያልቻልሁት። የራሴን ድካም የሕጉ ጥፋት ማድረግ አልፈልግም። መንግሥትን የምጠይቀው ለእኔ ድምፅ እንዲሰጠኝ አይደለም፤ ለእኔ የሚያሳየውን ጆሮ በር ለሌላቸው እንዲያሳይ ነው።

እድር

ባለፈው እሑድ ለአባቴ ደውዬ ስለ ቅጾቹ ሳብራራላቸው ብዙ አዳመጡኝና "እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ እድር ግባ" አሉኝ።

ሳስበው ዋልሁ። እድር ፓስፖርት አይጠይቅም። ቢጫ ይሁን ሰማያዊ ግድ የለውም። መግቢያና ወርኀዊ መዋጮ ይጠይቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቀው መገኘትን ነው። ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከል ትመጣለህ? ለቀብር ትወጣለህ? ካልመጣህ ትቀጣለህ። ገንዘቡን ከዋሽንግተን መላክ ይቻላል፤ ድንኳኑን ግን ከዋሽንግተን መትከል አይቻልም። በእድር ስብሰባ ላይ የሚናገር ሰው ቃሉ የሚመዘነው ባለፈው ለቅሶ የት እንደነበረ ታይቶ ነው። እኛ በውጭ ያለን ስለ አገር የምንሰጠው አስተያየት የጎደለው ይህ ሚዛን ይመስለኛል።

ለራሴም ጥቂት ደንብ አውጥቻለሁ። በመጀመሪያው ዓመት ስለማየው ነገር እጠይቃለሁ እንጂ አላስተምርም። "እኛ አገር" ስል የቱን ማለቴ እንደሆነ አጣራለሁ፤ "አሜሪካ እኮ" ብዬ የምጀምረውን ዓረፍተ ነገር እውጠዋለሁ። ስለ ጦርነት ስጽፍ፣ ልጇ የዘመተባት እናት ፊት ቁጭ ብዬ ላነበው የማልደፍረውን አልጽፍም። ግፍ ሳይ ግን ዝም አልልም፤ በሩ የሚጠቅመው ለዚያ ነውና። ይህን ሁሉ እፈጽመዋለሁ ብዬ አልምልም። መሐላን በመኪና ማቆሚያ ሰዓት እያሰብሁ የማልሁ ሰው ነኝ።

ከመሄዴ በፊት የቀረኝ አንድ ለቅሶ ነበር። ባለፈው ሐሙስ ማታ ከአምስት ዓመት ዘግይቼ የወዳጄን በር አንኳኳሁ። ራሱ ከፈተ። ጠጉሩ ነጭቷል። ጥቂት አየኝና "ግባ" አለ። ተቀመጥሁ። በመንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ንግግር ነበር፤ ከአፌ የወጣው "እግዚአብሔር ያጽናህ፤ ዘገየሁ" የሚለው ብቻ ነው። "ዘግይተሃል" አለ። ይቅርታ አድርጌልሃለሁ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። ባለቤቱ ቡና አፈላች። ስለ እናቱ ነገረኝ፤ ስለ ጦርነቱ አላወራንም።

ልወጣ ስነሣ "ኪሎ ተርፎሃል?" ሲል ጠየቀኝ። አዲስ አበባ ላለች እኅቱ የሚልከው የስኳር መድኃኒትና ሁለት መነጽር ነበረው። ተርፎኛል አልሁት፤ ውሸቴን ነበር። ቤቴ ስደርስ ሻንጣውን ከፍቼ እንደገና መዘንሁ። የወዳጄን ዕቃ አስገባሁና የሃያ ዓመት አስተያየቴን የያዘውን ማኅደር አወጣሁት። ጥቂት ቦታ እንኳ ተርፏል።

ቸር ይግጠመን።